የላጲሶ ትምባሆ

ላጲሶ ትምባሆ ሊገዛ ከቦሌ ሩዋንዳ እስከ መገናኛ ታክሲ ተሳፍሮ የሄደው ሰፈራችን ውስጥ የሚያጨስ ጠፍቶ አይደለም። የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ብሎ ነው። ላጲሶ ጴንጤ ነው፤ ያውም እንደ እኔ ክርስትናውን በዓመት ሦስት ጊዜ የሚያስታውስ አማኝ አይደለም። እሑድ እሑድ ከቸርቻቸው በር ላይ ከረባቱን አስሮ ሰው የሚያስተናግድ ነው። ሲጋራ አጭሶ በማስቲካ ሸፍኖ የመጣን ጎረምሳ ገና ከአስፋልቱ ማዶ ለይቶ ያውቃል ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ሾላ ገበያ ገብቶ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ደረቅ የትምባሆ ቅጠል ሲገዛ ይታያችሁ። ሻጯ «ለሱረት ነው ለጋያ?» ብላ፣ በአፍንጫ የሚሳብ ይሁን የሚጨስ ጠየቀችው። «ለአበባ» አላት። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች፤ እሱ ግን ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ይህን ሁሉ ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ያኔ ምንም አላውቅም ነበር፤ ባውቅ ኖሮ ያቺ ቅዳሜ አትመጣም ነበር።

ላጲሶና እኔ የአንድ ግቢ ተከራዮች ነን። ግቢው ከሩዋንዳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ በሁለት ፎቆች መካከል የተረሳ አሮጌ ቤት። ባለቤቷ እማማ ወለተማርያም ናቸው። እኔ ብሩክታይት እባላለሁ፤ ቦሌ መንገድ ላይ ባለ የጉዞ ወኪል ቢሮ የአውሮፕላን ቲኬት እቆርጣለሁ፣ ግቢው ውስጥ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ላጲሶ ከሚስቱ ከገንዘቤ ጋር ከኋላ ሰርቪሱ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ከሆሳዕና በመጣበት ዘመን እነዚህ የቦሌ ፎቆች ሲሠሩ ሲሚንቶ ይሸከም ነበር። ወገቡ እምቢ ሲለው ወደ አበባ ዞረ። አሁን አራት ግቢና አንድ የእንግዳ ማረፊያ በየተራ ይንከባከባል።

ሰው የሚፈልገው ግን ለአበባው ብቻ አይደለም። ላጲሶ ተባይ የሚያባርረው በቅጠል ነው። የፍሊት ሽታ ልጆቻቸውን የሚያስልባቸው እናቶች ስልክ ቁጥሩን ይቀባበሉታል። ግራዋ ወቅጦ በነከረበት ውኃ ወለል አጥቦ ቁንጫ ያጠፋል። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ አንድ ላይ ፈጭቶ፣ አሳድሮ፣ አጥልሎ፣ ቅጠል ላይ እንዲይዝለት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ያደርግበትና ጎመን ላይ ይረጨዋል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከድሬዳዋ የኒም ቅጠል ያመጣለታል፤ እሱን በበረሮ ላይ ይሞክረዋል። አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ በረሮው ይስቅበታል። ትኋንን እንዳላሸነፈ ራሱም ያምናል። የእኔን፣ በተቆረጠ ጀሪካን የተከልኳትን ቲማቲም ከነጭ ዝንብ ያዳናት እሱ ነው፤ ውለታውን አልክድም።

አንድ የማልወድለት ነገር አለ። መድኃኒቱን ሲረጭ አፉን አይሸፍንም፣ እጁን አይታጠብም፣ ልጅ ሲጠጋው አያባርርም። ምነው ሲሉት «ቅጠል ነው እኮ! ከቅጠል ምን ይመጣል?» ይላል። እማማ ወለተማርያም አንድ ቀን ሰምተውት «ኮሶም ከዛፍ ነው የሚለቀመው፤ መጠኑን ያለፈ ስንቱን አንጀቱን ቆርጦ ገድሏል» አሉት። ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ዘንድሮ የእንግዳ ማረፊያውን ጽጌረዳ ክሽክሽ ወረረው። ክሽክሽ ያቺ እንቡጥ ላይ ተደራርባ የምትመጥ አረንጓዴ ሚጢጢ ናት። ላጲሶ ነጭ ሽንኩርቱን ሦስት ጊዜ ረጨ፤ ሦስት ጊዜ ተመልሳ መጣች። እሑድ ሰርግ ነበር፣ ሙሽሮቹ ፎቶ የሚነሱት ደግሞ እዚያው ጽጌረዳ ሥር ነው። ሥራ አስኪያጁ «እስከ ቅዳሜ ካልጸዳ ሌላ አትክልተኛ እፈልጋለሁ» አለው። የጎረቤት ግቢ ሽማግሌ አትክልተኛ በበኩሉ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ትምባሆ ነክረህ እርጫት፣ ሌላ መድኃኒት የላትም» አለው። ላጲሶ አንድ ቀን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ውሎ በማግስቱ ሾላ ሄደ።

ቅጠሉን መቀቀል አልቻለም፤ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ስለዚህ በአንድ ትልቅ ሃይላንድ፣ ውኃ የሚሸጥበት ፕላስቲክ ውስጥ፣ ዘፍዝፎ ከሰርቪሱ ጣሪያ ላይ ለፀሐይ ሰጠው። በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ማታ፣ በአሮጌ ነጠላ ሲያጠልለው እንደ ደፈረሰ ሻይ ያለ ውኃ ወጣለት። ያን በሌላ ንጹሕ ሃይላንድ ገለበጠና ከደነው። ቀጥሎ መደበቂያ ፈለገ። ቤቱ እንዳያስቀምጠው ገንዘቤ አፍንጫ አላት። የመሣሪያ ሣጥኑን ግቢው ሁሉ ነው የሚከፍተው። በመጨረሻ እማማ ወለተማርያም በረንዳ ላይ ወጣና ከመደርደሪያው፣ ከጠበሎቻቸው መካከል ሸጎጠው። ምልክት እንኳን አላደረገበትም።

እማማ የጠበል ሰው ናቸው። ከእንጦጦም፣ ከጻድቃኔም፣ ከየደብሩ የመጣላቸው ጠበል በሃይላንድ በሃይላንድ ሆኖ በረንዳቸው ላይ ተሰልፎ ይኖራል። በአንዳንዱ ውስጥ እምነት፣ ማለት ከቤተ ክርስቲያን የሚያመጡትን የተባረከ አፈር፣ ስለሚበጠብጡበት ይደፈርሳል። በዚያ ላይ ኮሮና ከያዛቸው ወዲህ አፍንጫቸው ሽታ አይለይም፤ ወጥ ሲያርርባቸው የምንነግራቸው እኛ ነን።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቧንቧው ጋ ፊቴን ስታጠብ ቀና ብል ላጲሶ እማማ በረንዳ ላይ ቆሟል። መርጫውን በጀርባው አዝሏል፤ እጁ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል።

«እማማ የት ሄዱ?» አለኝ።

«መሐሪ መጥቶ ወሰዳቸው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።» መሐሪ ልጃቸው ነው፣ አያት ኮንዶሚኒየም ይኖራል። «ሰምሃልን ሳሉ አልለቅ ብሏት ጠበል ሊያጠጧት ነው።» ሰምሃል የመሐሪ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው።

«ስንት ሃይላንድ ይዘው ሄዱ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በዘንቢል ነው የያዙት።»

ላጲሶ ወደ መደርደሪያው ዞረና የቀሩትን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ብርሃን ያይ ጀመር። ጠበል ሲነካ አይቼው አላውቅም። ሁሉም ጥርት ያለ ውኃ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ጠፋህ?» አልኩት።

«የኔ… አንድ የኔ ዕቃ ተቀላቅሎባቸዋል» አለና ስልኩን አወጣ። መጀመሪያ እማማ ጋ ደወለ፤ ስልካቸው ከተቆለፈው ክፍላቸው ውስጥ ሲጮኽ ሰማነው። ሲወጡ ስልክ የመያዝ ልማድ የላቸውም። ከዚያ መሐሪ ጋ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር የሁለቱንም ሰማሁ።

«መሐሪ፣ ደህና አደርክ? እማማ ደረሱ?»

«ደርሳለች፤ ጸሎት ላይ ናት። ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ማለቴ… ዛሬ ያንን ጠበል ባይጠጡት። ልጅቷም ባትጠጣው።»

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው። ለጤና ጥሩ አይደለም።»

«ላጲሶ» አለ መሐሪ፤ ድምፁ ተለወጠ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእናቴ ጋር ስትኖር በሃይማኖቷ ገብተህ አታውቅም። ዛሬ በማለዳ ደውለህ ጠበል አትጠጡ ትለኛለህ?»

«ኧረ በጌታ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም፣ ግን…»

«ግን ምን?»

ላጲሶ አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። መሐሪ ጠብቆ ጠብቆ «እማዬ ይህን እንዳትሰማ፤ በጣም ታዝናለች። ደህና ዋል» አለና ዘጋው። መልሶ ሲደውል አላነሳም።

እውነቱን ልናገር፤ እኔንም ቆጣ አድርጎኝ ነበር። ሰው ጴንጤ ቢሆን የራሱ ጉዳይ ነው፣ በሰው ጠበል ምን አገባው ብዬ። ግን ፊቱን ሳየው ንዴቴ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። «ብሩክታይት፣ መኪና ጥሪልኝ፤ አያት መድረስ አለብኝ፤ አሁኑኑ» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ራይድ ጠራሁ፤ ብቻውን ልሰደው አልደፈርኩም፣ አብሬው ገባሁ።

ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። እማማ መጀመሪያ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። እስከዚያ ቤቱ ውስጥ ማንም እህል አይቀምስም። ከዚያ ይቀዳል፤ ቀድመው ራሳቸው ይጎነጫሉ፣ ልጅ እንዳይፈራ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። መኪናው ውስጥ ሰዓቱን ያየሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ቀለበት መንገዱ እስከ ኢምፔሪያል ድረስ ጥሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ለኮሪደር ሥራ ተቆፍሮ መኪናው ሁሉ በአንድ ረድፍ ቆሟል። ሾፌሩ፣ ኢሳ የሚባል ወጣት፣ ሞተሩን አጥፍቶ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አልኩት ላጲሶን። «በል ከሥሩ ጀምረህ ንገረኝ። ምንድን ነው ዕቃው?»

ወደ ሾፌሩ ጀርባ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ነገረኝ፤ ሾላን፣ ቅጠሉን፣ ጣሪያውን፣ መደርደሪያውን።

«ለመሐሪ ለምን አልነገርከውም?»

«ትምባሆ ገዛ ይሉኛላ! ቸርች ይሰማል። ገንዘቤ ትሰማለች። በር ላይ እንዴት እቆማለሁ?»

ተሳድቤያለሁ፤ የተሳደብኩትን እዚህ አልጽፈውም። ስልኬን ከፍቼ የትምባሆ ውኃ የጠጣ ሰው ምን እንደሚሆን ፈለግኩ። ማስመለስ፣ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መዛባት ይላል፤ ለልጅ ደግሞ ትንሹም ይበቃል ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ከቅጠል ነው እኮ» አለ፤ ግን እንደ ወትሮው አይደለም፣ እንደሚለምን ሰው ነው ያለው። በእኔ ስልክ መሐሪ ጋ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳ፤ ደስ ብሎታል።

«ብሩክታይት! ጉድ እኮ ነው! እማዬ ጠበሉን ገና ሁለቴ ስትጎነጭ አስመለሳት። እንዴት ያለ ማስመለስ መሰለሽ! ያ ስንት ዘመን ሆዷን ሲቆርጣት የኖረው ሁሉ ወጣላት። አሁን እየተንቀጠቀጠችም ‹ድገሙኝ› እያለች ነው። ለሰምሃልም ቀድተንላታል…»

ጠበል የጠጣ ሰው ሲያስመልሰው ደዌው ወጣ ተብሎ እልል ይባላል፤ እኛ በዚያ ያደግን ሰዎች እናውቀዋለን። ማንም «ቁም» አይልም። «መሐሪ፣ እሱ…» ብዬ ሳልጨርስ ላጲሶ ስልኩን ከእጄ መነተፈኝ።

«መሐሪ! ትምባሆ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጠበል አይደለም፣ ትምባሆ ነው! እኔ ነኝ የገዛሁት! እኔ ነኝ የነከርኩት! እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኩት! መርዝ ነው! ከልጅቷ እጅ ቀማ! ቀማ!»

ኢሳ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ አፍጥጦ ያየዋል። በስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ሲወድቅ፣ ልጅ ስታለቅስ፣ ሴት ስትጮኽ ተሰማ። ከዚያ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድነው አልናገርም፤ መናገርም አልችልም። ኢሳ መሪውን ጠምዝዞ በውስጥ ለውስጥ ጠጠር መንገድ ነዳ። ደጋግመን ደወልን፤ የሚያነሳ የለም። ላጲሶ ከገንዘቤ ጋር በየማለዳው ጮክ ብሎ ሲጸልይ የምሰማው ሰው ነው፤ ያን ቀን አንድ ቃል አልወጣውም። የበሩን እጀታ ይዞ ብቻ ተቀመጠ። እኔ ልጅቷን አስብ ነበር። ባለፈው የፋሲካ ዕለት ቲማቲሜን ሳይቀላ ቀጥፋብኝ ቆንጥጫት ነበር፤ ያ ቁንጥጫ እዚያ መኪና ውስጥ መጣብኝ።

መገናኛን ካለፍን በኋላ የመሐሪ ሚስት ደወለች። «ክሊኒክ ነን» አለችና የት እንደሆነ ነግራ ዘጋችው። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ አልነገረችንም።

ስንደርስ ሰምሃል በሩ ላይ በፎጣ ተጠቅልላ፣ ፀጉሯ እርጥብ ሆኖ ታለቅሳለች። አልጠጣችም። አባቷ ኩባያውን ሲመታው ቀሚሷ ላይ ተደፋባት፤ ነርሷ ልብሷን አስወልቃ በሳሙና አጥባታለች፣ በቆዳም ይገባል ብላ። ልጅቷ የምታለቅሰው አባቷ ስለጮኸባት ነበር። ላጲሶ ሲያያት ግድግዳውን ያዘ።

እማማ ግን ውስጥ ነበሩ። ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፣ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል፣ እግሮቻቸው ከብርድ ልብሱ ሥር በየጊዜው ይፈናጠራሉ። ዶክተሯ፣ ቆጣ ያለች ወጣት፣ ወደ እኛ መጣች።

«ማነው ያዘጋጀው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ቅጠል? በስንት ሊትር? ስንት ቀን ተዘፈዘፈ? ሌላ ነገር ተጨምሮበታል?»

ላጲሶ መሐሪ ፊት፣ የመሐሪ ሚስት ፊት፣ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ ፊት፣ የትምባሆውን ነገር ከገዛበት ገበያ ጀምሮ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ዶክተሯ እየጻፈች ሰማችው። «ወዲያው ማስመለሳቸው ነው የጠቀማቸው» አለች። «ቢደግሙት ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር አላውቅም። አሁንም ልባቸውን እየተከታተልን ነው፤ ለጊዜው ምንም ቃል አልሰጣችሁም።»

ጠበቅን። መሐሪ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። የእንግዳ ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ላጲሶ ስልኩን አየውና ኪሱ ከተተው። ገንዘቤ መጣች፤ እኔ ነበርኩ የደወልኩላት። ባሏን ሰማችው፣ አጠገቡ ተቀመጠች። ነርሷ በገባች በወጣች ቁጥር ሁላችንም ፊቷን እናነባለን።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዶክተሯ ብቅ ብላ «አልፎላቸዋል» አለች። መሐሪ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እማማ «ላጲሶ ይግባ» ብለው አስጠሩት። መሐሪ አይሆንም ሊል ከአፉ መለሰው። እኔም ተከትዬ ገባሁ።

ላጲሶ አልጋው ሥር ተንበረከከ። ይቅር በሉኝ እያለ፣ እያቋረጠ፣ ለምን እንደገዛው፣ ከማን እንደደበቀው ነገራቸው። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«መግዛትህ ይሁን» አሉት በደከመ ድምፅ። «መደበቅህም ይሁን፤ ሰው ያፍራል። ግቢው ግን ሰፊ ነው፣ ልጄ። ለምን እዚያ አስቀመጥከው?»

መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም።

«እዚያ ማንም አይነካውም ብዬ ነው» አለ።

እማማ ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ እሱ ዞረው አዩት። ቁጣ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ቁጣ አልነበረም።

«በየማለዳው ከዚያ ነው እኮ የምጠጣው» አሉ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንተ ውኃ ስትቀዳ፣ እኔ ፊት ለፊትህ ቆሜ። ታዲያ እኔን ማን አልከኝ፣ ላጲሶ?»

ላጲሶ ግንባሩን አልጋው ብረት ላይ አስደግፎ አለቀሰ።